ሂሳዊ አስተሳሰብ በሙሉ ድምፅ የጸደቀበት ስብሰባ

የሥነ ሰብ ፋኩልቲ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ቦታ፦ የቤተ መጻሕፍቱ ንባብ ክፍል (አዳራሹን የምህንድስና መምህራን ስለቀደሙን)
ምልአተ ጉባኤ፦ የፍልስፍና መምህሩ ደጃፉ ላይ ቆመው «መገኘት ማለት ምን ማለት ነው?» እያሉ ሲከራከሩ፣ ዲኑ ክንዳቸውን ይዘው ስላስገቧቸው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
1. የፋኩልቲው ዲን፣ ሰብሳቢ
2. የፍልስፍና መምህር (ተማሪዎች «ጋሽ ለምን» የሚሏቸው)
3. የታሪክ መምህርት
4. የጥራት ማረጋገጫ ባለሙያ
5. የተማሪዎች ተወካይ፣ የሥነ ጽሑፍ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ
6. የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ «አንተ መቼም መጻፍ አያቅትህም» ተብሎ የተሾመ ጸሐፊ

አጀንዳ አንድ፦ ሂሳዊ አስተሳሰብን ስለማሳደግ

ሰብሳቢው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት «ተረት ተምሮ ምን ይሆናል?» ማለታቸውን አስታውቀዋል። ፋኩልቲው ተማሪዎቹን ማሰብና መፍጠር እንደሚያስተምር እስከ ዓርብ ካላስረዳ፣ በእንግዳ አቀባበል ትምህርት ክፍል ሥር ይጠቃለላል። የፍልስፍና መምህሩ «ማስረዳት» የሚለው ቃል አስቀድሞ እንዲተረጎም ጠይቀው ራሳቸው መተርጎም ጀመሩ። ሰብሳቢው «ሰውዬ፣ እኛ እንጀራችን ሊቆረጥ ነው፣ እርስዎ ቃል ይሰነጥቃሉ!» ብለው አስቁመዋቸዋል።

የጥራት ባለሙያው እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ በሂሳዊ መንገድ እንዲያስብ፣ ከማሰቡ በፊትም መምህሩን እንዲያስፈቅድ ሐሳብ አቅርበዋል። የተማሪዎች ተወካይ እጇን አንስታ «መምህሩን ራሱን መጠየቅ የፈለገ ተማሪስ ማንን ያስፈቅዳል?» አለች። ሰብሳቢው «ልጄ፣ ስለ ሂሳዊ አስተሳሰብ እየተወያየን ነውና አታቋርጪን» የሚል ምላሽ ሰጥተዋል።

ውሳኔ፦ ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ማሰብ በሥራ ሰዓትና በፈቃድ ብቻ እንዲካሄድ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ተወካይዋ ለጥያቄ ያነሳችው እጅ ለድጋፍ ተቆጥሯል።

አጀንዳ ሁለት፦ የፈጠራ ክህሎት

የጥራት ባለሙያው ፈጠራ ወጥ እንዲሆን አንድ ናሙና ተዘጋጅቶ ተማሪው ሁሉ ከእሱ እንዲገለብጥ ጠይቀዋል። የታሪክ መምህርቷ ፈጠራ በፈተና መልሶች ላይ ሞልቶ መትረፉን፣ እንዲያውም ቢቀንስላቸው ደስ እንደሚላቸው ተናግረዋል። የፍልስፍና መምህሩ ይህ የመምህርቷ ጥፋት መሆኑን ጠቆም ሲያደርጉ፣ መምህርቷ «እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ያሰቡትን እኔ በአንድ ሴሚስተር እጨርሰዋለሁ» አሉ። «የሚጨርሱትስ ተማሪዎቹን ነው» የሚል መልስ ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የተባለው በሰብሳቢው ትእዛዝ «ሐሳብ ተለዋወጡ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ውሳኔ፦ ናሙናው እንዲዘጋጅ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሁለቱ መምህራን ተኮራርፈው ፊታቸውን አዙረው ነበርና፣ ዝምታቸው እንደ ስምምነት ተወስዷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

የተማሪዎች ተወካይ የቤቷን ጉዳይ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። ሰብሳቢው «አሳጥሪው» ብለው ፈቀዱ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሥነ ጽሑፍ ልትማር ስትገባ «ለምን ይጠቅምሻል?» ቢሏት መልስ አጥታ ነበር። ባለፈው ዕረፍት ቤት ስትደርስ ሰፈሩ ታምሷል። ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው መበለት የጎረቤት የወርቅ ሐብል ሰርቃለች ተብሎ፣ አባቷ «በይ ውጪልኝ» ብለዋታል። ሴትዮዋ ፍራሿን ጠቅልላ ልጇን አዝላ ደጅ ቆማለች።

«‹ማን አየ?› ብዬ ጠየቅኩ» አለች ተወካይዋ። «አባዬ ከአክስቴ ሰማሁ አለ። አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ ከባለሱቁ ሰማሁ አለች። ባለሱቁ ከባለ ሐብሏ እህት። እህትየዋ ደግሞ ‹አባትሽ ናቸዋ የነገሩኝ!› አለችኝ። ዞሮ ዞሮ ያየ የለም። ሐብሉም በማግስቱ ከባለቤቲቱ ፍራሽ ሥር ተገኘ።»

አባቷ ሴትዮዋን በገዛ እጃቸው ፍራሿን ተሸክመው ወደ ክፍሏ መለሷት፤ ሦስት ቀንም ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። ከዚያ ልጃቸውን «እንዲህ መጠየቅን የት ተማርሽ?» አሏት። «ልቦለድ ስናነብ ነው፣ አባዬ። የሚተርከው ሰው ሁሉ አይታመንም።»

የታሪክ መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገዋል። የጥራት ባለሙያው የሴትዮዋ አለመባረር በመቶኛ ስንት እንደሚሆን ጠይቀዋል።

ተወካይዋ ቀጥላ «ደግሞ ከጠዋት... ይቅርታ፣ ከምሳ ጀምሮ ያሳለፍነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ነው። ይህን ፕሬዚዳንቱ ቢያነቡት፣ ማሰብ እናስተምራለን ከሚሉት ውስጥ አንድም ያሰበ የለም አይሉም?» አለች።

ሰብሳቢው ላባቸውን ጠረጉ። የፍልስፍና መምህሩ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም ሳይጠይቁ «እውነቷን ነው» ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ በምትኩ ተወካይዋ ራሷ ዓርብ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ገብታ ይህንኑ የቤቷን ታሪክ እንድትነግራቸው ተወስኗል። እጅ ሲቆጠር ይህም በሙሉ ድምፅ ማለፉ ስለታየ፣ ሰብሳቢው ደንግጠው «ኧረ በፈጠራችሁ፣ አንድ ሰው ይቃወም!» አሉ። የሁሉም ዓይን ተወካይዋ ላይ አረፈ።

«በትእዛዝማ አልቃወምም» አለች።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሳቅ ተበትኗል።