የላሚቱ ስም

ፍርሃት ድሮ በእግሩ ነበር የሚመጣ። ውሻ ይጮህበታል፣ አጥር ያቆመዋል፤ እናንተም እስኪደርስ ልባችሁን ታጸናላችሁ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ሆኖ ይጮሃል። መንግሥትም፣ እውነቱን እንናገርና፣ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሲም ካርዳችሁን በመታወቂያ አስመዝግቡ አለ፤ የሰው ቁጥር አስመስለው የሚደውሉትን አድኜ እይዛለሁ አለ። ችግሩ፣ ማስጠንቀቂያውንም የሚያሰማን በተቀዳ ድምፅ ነው። ወረታ ላይ ልጆች የማስተምረው እኔ እንኳ ያቺን የተቀዳች ሴትዮ ልመናት ወይስ ልጠርጥራት እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ስልኬ ጮኸ። «አያ ታደለ» ይላል፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርተው ታላቅ ወንድሜ ነው። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው። የስልኩ ባለቤት አደጋ ደርሶበት ራሱን ስቷል፣ ዘመዱ መሆንህን እንዳረጋግጥ አሁን በመልእክት የገባልህን ቁጥር ንገረኝ አለኝ። ልነግረው አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ጠፋ፤ በዕድሜዬ ኔትወርክ ጠፍቶ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሲመለስ ብደውል፣ ብደውል፣ የወንድሜ ስልክ ዝግ ነው።

ለክፉ ነገር ብቻን አይኬድም። ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቼን ቀስቅሼ፣ ጋቢያችንን እንደ ደረብን በባጃጅ ከነፍን። ገና ሳንደርስ እኔ በልቤ ወንድሜን ገንዤ ቀብሬው ነበር።

አያ ታደለ በሬዎቹን ይዞ ከደጁ ቆሟል! መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ኖሯል። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ፊቱን አየሁት። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ጋቢ በደረቡ ሽማግሎች ነው የሚመጣ። መርዶ ነጋሪ ደግሞ አስቀድሞ የሚለው «ደህና ነው፣ ምንም የለ» ነው። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። የበሬዎቹ ገመድ ከእጁ ወደቀ።

«ጥሩዬ ናት አይደል?» አለ። ባሕር ዳር የምትማር አንዲት ልጁ ናት።

የመጣንበትን ብነግረው ባሰበት፤ የሰው ቁጥር የሚሰርቁ መኖራቸውን አሁን ከእኔው አፍ ሰማ። ለልጅቱ ደውዬ ሰጠሁት። ድምጿን ሰምቶ እንኳ አላመነም፤ ቁጥር የሰረቀ ድምፅ ያቅተዋል ወይ አለኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ልጄ ከሆንሽ፣ ለትምህርት ስትሄጂ አንገቷን አቅፈሽ ያለቀስሽባት ላም ስሟ ማን ነው?»

ልጅቱ ግራ ገብቷት ዝም አለች። ከወረታ እስከዚያ ከመጣንበት መንገድ ያቺ ዝምታ ረዘመችብኝ። ሽማግሎቹ አማተቡ። በመጨረሻ የላሚቱን ስም ጠራች፤ ወንድሜም ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ዘመዳሞች ስንደዋወል ከሰላምታ የምትቀድመው ላሚቱ ናት። መንግሥት ሥራውን ይሥራ፤ እኛ ለጊዜው ዘብ ያቆምነው ላም ነው። ያም ሆኖ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ስሟን ለምን ደበቅኸን ትሉኝ ይሆናል። እናንተስ፣ እናንተ መሆናችሁን በምን አውቃለሁ?