«ምንም» ስንት ሴንቲ ነው?

ሜትር ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰፈር አልሆነም። አዲስ ሶፋ አሸክማችሁ ስትመጡ በሩ ላይ ቆሞ «አይገባም» ይላችኋል። ትቆጡታላችሁ። ሶፋው አይገባም።

የእኛው ክቡር አቶ ሴንቲሜትር ይባላሉ፤ ስሙን ያወጣነው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። በሙያቸው ቀያሽ ናቸው። በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው የአልጋውን ቁመት ለክተው የተመለሱ ሰው ናቸው። እሳቸው ባሉበት «ምንም አይደል፣ ትንሽ ደረጃ ናት» ያለ ሰው አለቀለት። «ምንም ስንት ሴንቲ ነው?» ብለው ያፋጥጡታል።

መሥሪያ ቤታቸው በቅርቡ ባለሦስት እግር የሌዘር መሣሪያ ሰጣቸው። ጭንቅላቱ ዞር ዞር እያለ ንጣፉን፣ ግድግዳውን፣ ጉድጓዱን ሁሉ በብርሃን ይዳስሳል፤ መንገዱ በሚሊዮን ነጠብጣብ ተሥሎ ኮምፒዩተር ውስጥ ቁጭ ይላል። ከዚያ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚያስኬደውን መንገድ ለይተው ካርታ ያወጣሉ።

ይህን ስትሰማ እህቴ ዘለለች ብል ይቀለኛል፤ ተሽከርካሪ ወንበሯ ግን በእርግጥ ዘሏል። መድኃኒት ቤት ሥራ አግኝታ ሰኞ ልትጀምር ነበር። «በመጀመሪያው ቀን ገፊ አስከትዬ አልገባም!» ብላ ምላለች። ገፊው እኔ ነኝ።

«በባንኩ በኩል ሂጂ፣ ምንም የለም» አልኳት።

ክቡርነታቸው ለኩት። «ምንም» አሥራ አንድ ሴንቲ ደረጃ ሆኖ ተገኘ።

ካርታው በዳቦ ቤቱ ጥግ፣ በልብስ ሰፊው ደጅ አዞራት። ሐሙስ ሦስታችን ለሙከራ ወጣን። ልብስ ሰፊው ደጅ ስንደርስ ሙሉ ሱፍ የለበሰ አሻንጉሊት መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

«ጋሼ፣» አለች እህቴ፣ «እኚህ ሰውዬ ካርታው ላይ የታሉ?»

ክቡርነታቸው ሰው ሲያልፍ ምስሉን ያበላሽብኛል ብለው፣ ሱቅ ሁሉ በተዘጋበት እሑድ ጠዋት ነበር ያነሱት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር የሌለበት ነገር ተናገሩ።

«ሰው የማይኖርበትን መንገድ ነው የለካሁት» አሉ በቀስታ።

በማግስቱ ከቀትሩ ግርግር መሀል መሣሪያቸውን ተከሉ።

«አትነቃነቁ!»

«ጋሼ፣ እየሰፋሁ እኮ ነው! ጣቴን ልስፋው?» አለ ልብስ ሰፊው።

ምስሉ ላይ መንገደኛው ሁሉ እንደ ጭስ ደብዝዞ ወጣ፤ አሻንጉሊቱ ብቻ ጥርት ብሎ ቆሟል። ምስሉን ለልብስ ሰፊው አሳዩት። «ከሱፍህ ጎን የቀረው ስልሳ ሁለት ሴንቲ ነው። ሰኞ ሥራ የምትጀምረዋ ልጅ ወንበር ስልሳ ስምንት።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን አስቀመጠ። «በስድስት ሴንቲ ነው ሥራ የማስቀራት?» አለና አሻንጉሊቱን እንደ ሙሽራ አቅፎ አስገባው።

ሰኞ እህቴ ብቻዋን ወጣች። እኔ ከደጃፉ ንቅንቅ እንዳልል ታዝዣለሁ። ክቡርነታቸው አጠገቤ ቆመው፣ ካርታውን እየዘረጉ መልሰው ያጥፋሉ። እኔም አልሻልም ነበር። ከአሥራ አራት ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ገብቻለሁ! ነጭ ጋውን ሁሉ ለብሻለሁ! ለጋሼ ስጣቸው።»

ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ስልኩን መልሰውልኝ መነጽራቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ አዲሱን ቤቱን ሊያሳየን ጠርቶን፣ እህቴን ደጃፉ ላይ «ግቢ፣ ምንም ደረጃ የለውም» አላት። እጄ ሳላስበው ኪሴ ገባ። እዚያ ከገዛሁት ወር ያልሞላው ሜትር አለ።

«ምንም ስንት ሴንቲ ነው?» አልኩት።