ቤልጂጉ ሉክ በእህቴ ሰርግ

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሰርግ ላይ ከሙሽራዋ ይልቅ የሚጨነቀው ሙዚቃ የተመደበበት ሰው ነው። ሙሽራዋማ ምን አለባት? ተውባ ትቀመጣለች። በእህቴ በሰብለ ሰርግ ያ ምስኪን እኔ ነበርኩ።

ቦታው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የተከራየነው አዳራሽ። እንደ ፈረንጆቹ በሰማንያዎቹ አጋማሽ መሆኑ ነው። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ሙሽራው የአስመራ ልጅ፤ አገር ቤት ደግሞ ጦርነት። የኛ ዘመድ በግራ፣ የነሱ በቀኝ ተቀመጠ። መሀሉ ለዳንስ የተተወ ነው ቢባልም፣ እኔን ድንበር ነበር የመሰለኝ።

ሙዚቀኛዬ ሉክ ይባላል፤ ቤልጂግ ነው። ኦክላንድ ውስጥ እኔ በማስተናግድበት ሬስቶራንት ፒያኖ ይጫወታል። ፒያኖ ብቻ መሰላችሁ? አኮርዲዮን፣ ሳክስፎን፣ ጊታር... ማንኪያ ብትሰጡት ከማንኪያ ዜማ ያወጣል። ነፍሱ ያለችው ግን የድሮ የፈረንሳይኛ ዘፈኖች ውስጥ ነው። ለሰርጉ ካሴት ሰጥቼው፣ ወር ሙሉ የአማርኛና የትግርኛ ዜማ ሲያጠና ከረመ።

ያላሰብንበት አንድ ነገር ነበር። የትኛው ይቅደም?

አጎቴ ጋሽ መኮንን ጠራኝና በጆሮዬ፣ በአማርኛ ካልተጀመረ እኔ የለሁበትም አለኝ። ዞር ስል የሙሽራው አባት ጋሽ ተስፋይ ቆመዋል።

"ስማ የኔ ልጅ፣ በትግርኛ ይጀመር" አሉኝ ጥርት ባለ አማርኛ። "አለዚያ ኮቴን አምጣልኝ።"

"ጋሽ ተስፋይ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቀመጡ..."

"ኮቴን!"

ሽማግሌው ከወጡ ልጃቸው ምን ያደርጋል? አባቱን ይከተላል? ሰብለ ከመቀመጫዋ አየችኝ። "ፕሊስ፣ ዱ ሰምቲንግ" አለችኝ። ምን ላድርግ? ሮጬ ለሉክ ነገርኩት።

"የቋንቋ ጠብ?" አለና ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ አኮርዲዮኑን አንግቶ መሀል ወለሉ ላይ ቆመ፤ አንድ የቆየ የፍቅር ዘፈን ጀመረ። በፈረንሳይኛ!

አለቀልኝ አልኩ። ግን ማን ይቆጣ? ቋንቋው የማንም አይደለም።

ኮታቸውን ራሳቸው አንስተው መልበስ የጀመሩት ጋሽ ተስፋይ፣ አንድ እጃቸውን እንዳስገቡ ቀጥ አሉ። ለካ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠርተዋል፤ ፈረንሳይኛ ይሰማሉ። ቀስ ብለው ማንጎራጎር ጀመሩ። ከኛም በኩል አንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እናቴ! የድሬዳዋ ልጅ፣ የፈረንሳይ ሚሲዮን ተማሪ። ሽማግሌው ኮታቸውን ወንበር ላይ ጥለው፣ ወለሉን አቋርጠው እናቴን ለዳንስ ጋበዟት። ጋሽ መኮንን አፉን ከፍቶ ቀረ። ወዲያው ሉክ ሳክስፎኑን አንስቶ አማርኛውን ከትግርኛው ሲያዋህደው፣ የትኛው እንደቀደመ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ዕቃውን መኪና ላይ ስንጭን አቀፍኩት። "አየህ ሉክ፣ ሙዚቃ ሰውን ያስታርቃል ማለት ይሄ ነው" አልኩት።

አኮርዲዮኑን መኪናው ውስጥ አስቀመጠ።

"የኛም አገር ሰው በፍላሚሽና በፈረንሳይኛ ይጣላል፤ በኛ መንደር የሚነገረው ፍላሚሽ ነው" አለኝ። "በእህቴ ሰርግ ላይ ይህንኑ ዘፈን በፈረንሳይኛ ብዘፍን፣ አጎቶቼ በወንበር እያሳደዱ አባረሩኝ። ኦክላንድ የመጣሁት ለምን መሰለህ?"