የኔ እግር እና የጋሽ ማቴዎስ ስም

ወገን፣ ቁጭ በሉ። ዛሬ ሶዶ ውስጥ ሙሉ ትምህርት ቤት እያየ የተዋረደ ሰው አለ።

እኔ ነኝ!

ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት።

ቅዳሜ የጻፍኩትን ታስታውሳላችሁ አይደል? ለማታውቁኝ፦ የፊዚክስ ቲቸር ነኝ። ከሁለት ወር በፊት አውቶማቲክ መኪና ገዛሁ። ያገለገለች ናት፣ ግን ውበቷ! ቅዳሜ ለኳየር ልምምድ ቸርች ሄጄ ግቢው ውስጥ ላቆማት ስል ፍሬን ረገጥኩ።

በረረች።

አጥብቄ ረገጥኩ። ይባስ በረረች! የቆርቆሮ አጥሩን በጥሳ የጎረቤት እንሰት ውስጥ ገብታ ቆመች። ሰው አልተጎዳም። እንሰቱን ግን አትጠይቁኝ።

ገና ከመኪናዋ ሳልወርድ ጥፋተኛውን አገኘሁት። ኮምፒውተሯ!

ከሳምንት በፊት መብራቷ እምቢ ብሎኝ ጋሽ ማቴዎስ የሚባሉ የመኪና ኤሌክትሪሻን ሽቦዋን ነካክተውልኝ ነበር። እቤት እንደገባሁ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፦ «መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኤሌክትሪሻን የመኪናዬን ኮምፒውተር አበላሽቶ ሊገድለኝ ነበር!» ስም አልጠራሁም። ሶዶ ውስጥ ስም መጥራት ያስፈልጋል እንዴ?

ሼር አደረጋችሁት። ኧረ እንዴት አድርጋችሁ! ቦዲቲ ደረሰ። ዱቦ ያለችው እህቴ ደንግጣ ደወለች።

ኮሜንት ላይ ጦርነት ሆነ። ግማሹ «የዘንድሮ መኪና የሚሄደው በኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲያብድ ሹፌር ምን ያድርግ?» ይላል። ግማሹ «እግሯ ነው» ይላል። «ሴት ልጅና መሪ» ያላችሁም ነበራችሁ፤ ስማችሁን ይዣለሁ! የአንድ ለአምስት ስብሰባችን ላይ ሳይቀር ከትምህርት ጥራት በፊት የኔ መኪና አጀንዳ ሆነች። እኔም በፊዚክስ አስረዳሁ። ሴንሰር፣ ሲግናል፣ ቮልቴጅ... ማን ይከራከረኛል?

ጋሽ ማቴዎስ ተከራከሩኝ።

ዛሬ ጠዋት በረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት መጡ። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ቲቸር፣» አሉኝ፣ «ሦስት ደንበኛ መኪናውን ወሰደብኝ። ከቦዲቲ የሚመጣው የሚኒባስ ሹፌር ስልኬን አያነሳም። ጥፋቱ የኔ ከሆነ እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልሆነስ?»

«ካልሆነ እኔ እጠይቃለሁ!» አልኩ። በምን ዓይነት ልበ ሙሉነት!

መኪናዋን ኳስ ሜዳ አወጣናት። መምህራኑ፣ ተማሪው፣ በር ላይ የቆሙት ባጃጆች፣ ሁሉም መጣ። ጋሽ ማቴዎስ መጀመሪያ ኮምፒውተሯን በማሽን ፈተሹ። ምንም የለም።

«ኮምፒውተር ተሳስቶ ዱካ ላይተው ይችላል» አልኩ። ተማሪዎቼ አጨበጨቡልኝ።

«ልክ ነው፣ ይችላል» አሉ። ከዛ ገቡና በአንድ እግራቸው ፍሬኑን፣ በሌላው ነዳጅ መስጫውን ረገጡ። መኪናዋ አገሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከቦታዋ ግን ፈቀቅ አላለችም። «ሞተሩ ቢያብድ እንኳ ፍሬን ይይዘዋል። ቅዳሜ ፍሬን ከረገጥሽ ለምን አልያዘም?»

«ይሄ የዛሬው ነው!» አልኩ። ሳይንቲስት ነኝ እኮ!

ስልካቸውን ቪዲዮ ላይ አድርገው፣ እግሬን እንዲያይ ከመሪው ሥር በፕላስተር አሰሩትና ጎኔ ተቀመጡ። «በይ እንደ ቅዳሜው አቁሚያት።»

አቆምኳት። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ዳይሬክተራችን ከግራ በኩል «ቲቸር ምህረት! ፔሬድ የለሽም?» ብለው ተጣሩ።

ዞር አልኩ። ፍሬን ረገጥኩ።

በረረች!!!

«ታ ጎዳው!» ብዬ በወላይትኛ ጌታዬን ጠራሁ። ጋሽ ማቴዎስ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ እኔም ደንግጬ እግሬን አነሳሁ፤ የባሕር ዛፉን ጎል ገንድሰን ቆምን።

ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስታ! ዘልዬ ወርጄ፣ ሁለት እጄን አንስቼ፣ «አያችሁ! አያችሁ! ኮምፒውተሯ ነው!» እያልኩ ሜዳውን ዞርኩ። ተማሪዎቼ እየጨፈሩ ተከተሉኝ።

ጋሽ ማቴዎስ ጉልበታቸውን እያሹ ወረዱ። ስልኩን ከመሪው ሥር ነቅለው ሰጡኝ።

አየሁት። ሰውነቴ ወደ ግራ ሲዞር እግሬ ወደ ቀኝ ሄደ። ነዳጅ መስጫው ላይ አረፈ። ረገጠ። መኪናዋ ስትበር ደግሞ ይበልጥ አጥብቆ ረገጠ።

ሦስቴ አየሁት። ሦስቴም ያው እግር ነው!

ወገን፣ ፍሬን እንደረገጥኩ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ እምል ነበር እኮ። አልዋሸሁም። እውነትም አልተናገርኩም። የሚያናድደው ይሄ ነው።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፣ ዳር ላይ ያለው ባጃጅ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ስልኬን የማያነሳው ሰውዬ ግን እዚህ የለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ሊሄዱ ሲሉ «ቪዲዮውን አንቺው አጥፊው» አሉኝ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ... እኔንማ ቅዳሜ አይታችሁኛል።

አላጠፋሁትም። ወደ ራሴ ስልክ ላክሁት።

አሁን ስሙኝ። መኪናዋን አልሸጥም! ነገም እነዳለሁ። ኮምፒውተር አይሳሳትም ብዬም አልፈርምም፤ ይሳሳታል! የቅዳሜው ብቻ የኔ ነው። «ሴት ስለሆነች ነው» ለምትሉ ደግሞ፣ ባለፈው ዓመት ፒክአፑን ይዞ ፋርማሲ ውስጥ የገባው ሰውዬ ጺም ነበረው።

የቅዳሜውን ፖስት አላነሳሁትም። አናቱ ላይ «ስህተት ነው፣ እግሬ ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቪዲዮው ከታች አለ። ያኛውን ሼር ያደረጋችሁ በሙሉ ይሄንንም ሼር ታደርጋላችሁ። ልመና አይደለም! ያ የሚኒባስ ሹፌር ጋ እስኪደርስ ድረስ።

በነገራችን ላይ፣ ቪዲዮው ላይ ጫማዬ ግን አያምርም?