በብስክሌት የሄደ ሽምግልና

አስመራ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሻምፒዮን ነበር። ለማጋነን አይደለም። ካላመናችሁ የትኛውም ባር ገብታችሁ ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ ሰው አጠገብ ተቀመጡና "የድሮው ውድድር እንዴት ነበር?" በሉት። ማኪያቶአችሁ ይቀዘቅዛል፣ ሁለተኛውም ይቀዘቅዛል፣ እናንተም ከወንበራችሁ ሳትነሱ ከምጽዋ እስከ አስመራ ያለውን አቀበት በወሬ ትወጡታላችሁ። ያኔ ስንት ሰው እንደተወዳደረ አላውቅም። አሸናፊዎቹን ብቻ ብንቆጥር ግን መንገዱ የሚበቃቸው አይመስለኝም።

የነዚህ ሁሉ አለቃ፣ ቢያንስ ከገጀረት እስከ ማይ ጭሆት ባለው ግዛት፣ ክቡር ካቫሌሬ መንግስትኣብ ናቸው። በጣልያኖቹ የክብር ማዕረግ ካቫሌሬ ያልናቸው እኛው የሰፈር ልጆች ነን። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥት የለም፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ "ተዉ" ብለው አያውቁም። ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ናቸው። ቡናማ ሱፍ ይለብሳሉ፣ ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ የሱሪያቸውን ቀኝ እግር ሰንሰለቱ እንዳይበላው በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል። መቆንጠጫውን ቅዳሴ ላይም አያወልቁትም።

ካቫሌሬው በዚያ ታላቅ ውድድር አራተኛ ወጥተዋል። ይህ መነሻው ነው። "ሦስተኛው ጣልያን ነበር፣ እሱ አይቆጠርም" ይላሉ፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሆኑ። "ሁለተኛው ደግሞ የጭነት ማኪና ጭራ ይዞ ነው የወጣው፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ይላሉ፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሆኑ። አንደኛውን ስንጠይቃቸው ባርኔጣቸውን ያነሱና "እሱ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር፣ የሞተ ሰው አይታማም" ብለው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን ወርቁን ወስዶ አንገታቸው ላይ ያጠልቀዋል።

ሕጋቸው አንድ ነው፦ "ብስክሌት ይጋለባል እንጂ አይገፋም።" አቀበት ላይ ወርዶ የሚገፋ ሰው ሲያዩ እንደ ከሃዲ ፊታቸውን ያዞሩበታል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሚስማር ጎማቸውን በሳው። ሌላ ሰው ቢሆን እየገፋ ቤቱ ይገባል። ካቫሌሬው ብስክሌታቸውን እንደ በግ ትከሻቸው ላይ አድርገው ማይ ጭሆት ድረስ በላብ ተጠምቀው ሄዱ። "ኣቦይ፣ ቢገፉት አይሻልም?" ብላቸው፣ "መሸከም መግፋት አይደለም፣ ወደይ፣ ልጄ" አሉኝ።

ሰማዩንም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የጎረቤታችን ሰርግ ላይ ቀና ብለው አዩና ዛሬ አይዘንብም፣ ዳስ መጣል ከንቱ ድካም ነው ብለው አስተዉ። ሙሽሮቹ ሲገቡ በረዶ ወረደ። ሰው ሁሉ ትሪ አናቱ ላይ ደፍቶ ሲሮጥ ካቫሌሬው መሀል ግቢ ቆመው፣ "ይህ ዝናብ አይደለም። ደመናው እየተራገፈ ነው" አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ግን ማን ይናገራቸዋል?

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ለወንድሜ ለሮቤል ሽማግሌ አድርገን የላክናቸው።

ነፃነት በመጣ በሦስተኛው ዓመት ነው፣ ጥር ወር። ሮቤል በምጽዋ መንገድ ላይ ያለችውን የነፋሲትን ልጅ ሳሊናን ወዶ ነበር። መውደድ ቀላል ቃል ነው፤ ልጁ እህል ትቶ ከስቶ፣ እናታችን ጠበል ልትወስደው እያሰበች ነበር። የሳሊና አባት አቶ ዘርኣይ ጠንካራ ሰው ናቸው። ሳሊና የላከችበት ወሬ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳ ነው፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከምጽዋ የአንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች በገዛ መኪናቸው ይመጣሉ። ከእነሱ ቀድመን ካልደረስን ነገሩ አበቃ። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ ሦስት ሰው ተመረጠ፦ የአባታችን ወዳጅ ካቫሌሬ መንግስትኣብ፣ ልብስ ሰፊው አጎቴ ሙሴ፣ እና ታላቅ ወንድም ስለሆንኩ እኔ እያሱ። የኔ ሥራ ዝም ማለት ነበር።

እሑድ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆምን። አውቶቡሱ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ አሁንም የለም። ካቫሌሬው ሰዓታቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ ያ የምፈራው ፈገግታ ፊታቸው ላይ ወጣ።

"ነፋሲት ቁልቁለት ነው" አሉ። "ብስክሌት አለን። ምን እንጠብቃለን?"

"መንግስትኣብ ሓወይ፣ የኔ ወንድም፣ ሽማግሌ በብስክሌት ይሄዳል እንዴ?" አለ አጎቴ ሙሴ።

"በኛ ጊዜ ጳጳስም በብስክሌት ይሄድ ነበር።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ልጅ ልትጠይቅ በሱፍና በከረባት ብስክሌት የምትጋልብ ከተማ ከአስመራ ሌላ ካለች ንገሩኝ። የሚገርመው ግን በመንገድ ያየን ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አንስቶ "ይቅናችሁ" አለን እንጂ አንድም የሳቀብን አልነበረም።

ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ቤት ጊዮርጊስ ስንደርስ ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር፤ ከእግራችን በታች ግን ሸለቆው በሙሉ ነጭ ደመና ተሞልቶ ተራሮቹ ጫፋቸው ብቻ ይታያል። ካቫሌሬው ከኪሳቸው ጋዜጣ አወጡ። ጋላቢ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ነፋስ እንዳይመታው ሸሚዙ ውስጥ ደረቱ ላይ ጋዜጣ ያደርጋል፤ የጥንት ሥርዓት ነው። ለአጎቴ የስፖርቱን ገጽ ሰጡት፣ ይበልጥ ያሞቃል ብለው።

"ደመናውስ?" አልኳቸው።

"እሱ ደመና አይደለም። የጠዋት እንፋሎት ነው። አርባ ሮባዕ መንደር ሳንደርስ ይጠፋል።"

አርባ ሮባዕ ስንደርስ የጠፋው መንገዱ ነው። የፊት ጎማዬን አላየውም። ከፊቴ የካቫሌሬው ድምፅ ብቻ "ወደ ቀኝ! አሁን ወደ ግራ! ፍሬኑን በሁለት ጣት!" እያለ በጉሙ ውስጥ ይሰማኛል፤ ከኋላዬ አጎቴ ሙሴ ውዳሴ ማርያም ይደግማል። አንድ መታጠፊያ ላይ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና ፀሐይ ወጣች፤ "አላልኳችሁም?" ሲሉ ተሰማ። ቀጥሎ ባለው መታጠፊያ ዝናቡ ወረደ። ጥቂት ሄደን በረዶ ሆነ። አንድ መንጋ ዝንጀሮ ከቋጥኝ ሥር ተጠልሎ ያየናል፤ እንደዚያ ቀን በዝንጀሮ ቀንቼ አላውቅም።

"ኣቦይ፣ እንጠለል!" ብዬ ጮህኩ።

"ከምኑ?" አሉኝ፣ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ውሃው እየተንዠቀዠቀ።

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ የነፋሲት አውቶቡስ፣ ያ ቀረ ያልነው፣ ጥሩምባውን እየነፋ አልፎን የኩሬውን ውሃ ከእግር እስከ ራስ አለበሰን። በመስኮቱ አንዲት ሴትዮ በርኅራኄ አማተበችብን። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። አጎቴ ከዚያ በኋላ እስከ ነፋሲት አልተናገረም፤ እየጸለየ ይሁን እየተሳደበ ዛሬም አላውቅም።

የአቶ ዘርኣይ በር ላይ ስንቆም ከመንገድ ጠራጊ ጎርፍ የተረፍን እንመስል ነበር። እዚህ ላይ ሥርዓቱን ልንገራችሁ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ ከቤቱም ምንም አይቀበልም። "ተቀመጡ" ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። አባት ደግሞ ክብሩን የሚያውቅ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ "እናስብበት፣ ተመለሱ" ይላል። ሲመለሱ እንደገና ይመልሳል። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ሜዳ ላይ ይኖሩ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ስለዚህ ቆምን። ጥርሳችን ይንገጫገጫል፣ ከሥራችን ኩሬ ይሰፋል። የአቶ ዘርኣይ ባለቤት ወይዘሮ ሓረጉ ፎጣ ይዘው መጡ፤ አጎቴ በዓይኑ እየለመነ በእጁ መለሰው።

"በዚህ ዝናብ እንዴት መጣችሁ?" አሉ አቶ ዘርኣይ።

"የምን ዝናብ?" አሉ ካቫሌሬው።

ከዚያ ሽምግልናውን ጀመሩ። እግዜር ያሳያችሁ! የቴሌኮሙኒኬሽን መስመር ሠራተኛ የሆነው ወንድሜ በአፋቸው ውስጥ የአስመራን ስልክ ሁሉ ብቻውን የዘረጋ ሰው ሆነ። ሲጃራ አያውቅም አሉ። አንድ ጊዜ ቆጣ ብሎ የተናገረ እንደሆነም በተኛበት ነው አሉ። "በሃይማኖቴ እምላለሁ" ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ጋዜጣው እንደ እርጥብ ጨርቅ ጧ አለና ቁራጩ በሸሚዛቸው ሥር ወጥቶ መሬት ወደቀ። አቶ ዘርኣይ ቁራጩን አይተው እንደገና ጆሯቸውን ሰጡ። ሦስት ሴት ልጆች ድረዋል፤ ሽማግሌ ሲያጋንን መስማት ለሳቸው እንደ ሬዲዮ ነው።

"መልካም" አሉ በመጨረሻ። "እንመካከርበት። በሚመጣው እሑድ ተመለሱ።"

ሥርዓት ነው፣ ማንም አይቆጣበትም። ግን የምጽዋዎቹ መኪና አላቸው። ዛሬ ቢመልሷቸው ነገ ይመጣሉ፣ ነገ ቢመልሷቸው ከነገ ወዲያ። ሮቤል ፊቴ ድቅን አለብኝ።

ካቫሌሬው አልተንቀሳቀሱም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፀጉራቸው እንደዚያ የሳሳ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው።

"አቶ ዘርኣይ፣ እሑድ መምጣት አልችልም።"

"ለምን?"

"አቀበቱን አልችለውም።" ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። "ድሮም አልቻልኩትም። ከምጽዋ የሚነሳውን ውድድር ያውቁታል። አራተኛ ወጣሁ እያልኩ ስንት ዘመን አውርቻለሁ፤ ሚስቴ ኣብርሄት እንኳ ያንን ነው የምታውቀው። አልጨረስኩትም። እዚሁ ነፋሲት፣ ከዚያ ከድልድዩ አጠገብ ብስክሌቴን ጣልኩና አለቀስኩ። በጭነት ማኪና ነው የወጣሁት። ዛሬም እንዴት እንደምመለስ አላውቅም፣ ጉልበቴ አልቋል። ሙሴንም ይዩት፣ ይህ ሰው እሑድ በሕይወት መኖሩን እንጃ። እኔ የማልረባ ጋላቢ ነኝ። ስለ ሮቤል ከነገርኩዎትም ግማሹን ይተዉት። ግን ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ልጅዎን ይወዳታል። ይህኛው እውነት ነው፣ እግዜር ያውቃል።"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያ ሰው ያለው ሀብት ያ ውድድር ብቻ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱንም ለወንድሜ ሲል ሰው ቤት አውጥቶ አፈሰሰው። ከጓዳ የወይዘሮ ሓረጉ ድምፅ መጣ፦ "ዘርኣይ! በጃኻ፣ እባክህ፣ ሰዎቹ ቆመው ይሞቱብናል!"

አቶ ዘርኣይ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ከዚህ በር ብዙ ሽማግሌ ገብቷል" አሉ። "ስለ ራሱ እውነት የተናገረ ግን አላየሁም።" ወደ ወንበሮቹ ጠቆሙ። "ተቀመጡ።"

አጎቴ ሙሴ አልተቀመጠም፤ ወደቀ ብል ይሻላል። የምጽዋዋ መኪና ደጃፍ ስትቆም እኛ በአቶ ዘርኣይ ጋቢዎች ተጠቅልለን ዝግኒ ወጥ እየበላን ነበር።

ማምሻውን አቶ ዘርኣይ ወደ አስመራ ፍየል የጫነ አንድ ትሬንታ ኳትሮ፣ ያ ከጣልያን ዘመን ጀምሮ እያቃሰተ የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ለመኑልንና ከነብስክሌታችን ከፍየሎቹ መሀል ተቀመጥን። አጎቴ ወዲያው አንቀላፋ። ካቫሌሬው ግን መንገዱን ሁሉ ቃል አልተነፈሱም። ሰማዩ ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ፤ አንዱንም አልተነበዩም። ያ ዝምታ ከበረዶው ይልቅ ከበደኝ። በሕይወቴ ሙሉ ቢዘጉልኝ ብዬ የተመኘሁትን አፍ "እባክህ ተከፈት፣ ዋሽ" እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

ቤት ጊዮርጊስ ሊደረስ አንድ ሁለት መታጠፊያ ሲቀር ካቫሌሬው ተነሡና የሾፌሩን ጣራ ደበደቡ።

"እዚህ አውርደኝ።" ወደ እኔ ዞረው ግን አላዩኝም። "ሮቤል ጫፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። የራሴንም ብስክሌት አወረድኩ። አጎቴን ከፍየሎቹ መሀል እንደተኛ ትተን፣ መኪናው ከዓይናችን እስኪርቅ ቆየንና ጋለብን። አጭር ናት ያቺ አቀበት፤ ግን እግዜር ይመስክር፣ ካቫሌሬው ኮርቻ ላይ ተቀምጠው፣ እያቃሰቱ፣ አንድም ጊዜ እግራቸው መሬት ሳይነካ ወጧት።

ሮቤል እውነትም ጫፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየን ሮጦ መጣ።

"ተቀምጠናል" አልኩት።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ አለቀሰ፣ ከዚያ የካቫሌሬውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ያኔ ነው ብስክሌቶቹን ያያቸው። ቀና ብሎ ወደ ጨለመው ሸለቆ ተመለከተ።

"ይህን ሁሉ አቀበት ጋልባችሁ ነው የወጣችሁት?"

ካቫሌሬ መንግስትኣብ አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። ሳውቃቸው እንዲህ ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው።

"እኔ ብዙ ቦታ ወርጄ ገፍቻለሁ" አልኩ። "እሳቸው ግን ከነፋሲት እስከዚህ አንድ ጊዜም አልወረዱም።"

ካቫሌሬው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። የሮቤልን ትከሻ ይዘው፣ እኔን በአገጫቸው እያሳዩ፣ "አትፍረድበት፣ ወደይ" አሉት። "እየቆምኩ ጠብቄዋለሁ። ልጅ ነው፣ ይለምደዋል።"

እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።