የጌትነት ዓሦች ጦም

የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ እዚሁ ላሊበላ ጎረቤቴ ነው፤ ጌትነት ይባላል። እኛ ለጀሪካን ውሃ ስንሰለፍ እሱ ጨው በጥብጦ በመስታወት ሣጥን ባሕር ሠርቷል።

ጠዋት ጠዋት ውሃው ውስጥ ወረቀት ነክሮ ናይትሬት የሚሉትን መርዝ ይለካል፤ መርዙ ከበዛ ወረቀቱ ይቀላል። መርዙ የሚበዛው ምግብ ተርፎ ሲበሰብስ ነው። ጠያቂው ሁሉ ደግሞ «እንግዳ ጦሙን አያድርም» እያለ ለዓሦቹ ዳቦ ይፈረፍራል።

አንድ ቀን ወረቀቱ ቀልቶ ሲተክዝ የንስሐ አባቱ ደረሱ፤ ነገሩን አጫወታቸው።

«ነገሩ መብል ከሆነማ ሮብና ዓርብ ይጡሙ» አሉት።

ዓሦቹ ጦሙ፤ ውሃው ጠራ። አባ ደስ ብሏቸው «አንተስ ልጄ፣ ትጦማለህ?» ሲሉት፣ «እኔማ አባ፣ ጨጓራዬን ያመኛል» አለ።

አባ የሸሚዙን ቁልፍ ሊበጥስ የደረሰውን ቦርጩን አዩና «ያች ወረቀት ለሰው አትሠራም?» አሉት።