ፕሮሰሰር አስጋላቢው ኢንጂነር ዳልዮፕ

ሰው ኮምፒውተር ሊገዛ ሲነሳ፣ አብሮት ሊመርጥለት የሚነሳ ሌላ ሰው አይጠፋም። የትም አገር አለ። ብሩ ያንተ፣ ጭንቀቱ ያንተ፣ ምርጫው ግን የሱ። የኛው፣ የናይጄሪያዋ ጆስ ከተማ፣ የተርሚነስ ገበያው፣ ክቡር ኢንጂነር ዳልዮፕ ይባላሉ። ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። እኔ ፊት ለፊታቸው ዘጠኝ ዓመት የስልክ ስክሪን ስቀይር ዲግሪ የሚባል ነገር አላየሁባቸውም። የራሳቸው ኮምፒውተር እንኳ የላቸውም። ለምን ሲባሉ፣ «አስተናጋጅ ከደንበኛ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል?» ይላሉ።

ሥራቸው የኮምፒውተር ነጋዴው የኦኬዚ ሱቅ በር ላይ መቆም ነው። ደንበኛ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያስላሉ። «ይቅርታ፣ በሰው ጉዳይ መግባት አልወድም» ብለው ይገባሉ። አንድ ፓስተር ፕሪንተር ሊገዙ መጥተው ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ኪቦርድ ታቅፈው ሄደዋል። በነጋታው ሠርጉ የሆነ ሰውዬ፣ ቴሌቪዥን ብሎ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ስለ ማቀዝቀዣ ፋን ሲማር ውሏል። ሙሽሪት ስድስት ጊዜ ደውላለች።

ባለፈው ታኅሣሥ ካኔንግ መጣች። ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ጣቷ ሲሮጥ አይታይም። ሁለት ዓመት የሰው ጸጉር ጎንጉና ያጠራቀመችውን ይዛ የጌም ኮምፒውተር ልታሠራ ነው። ኦኬዚ አሥራ ስድስት ኮር፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ አሥራ ስድስት ክፍሎች ያሉትን ውድ ፕሮሰሰር ሊያስታቅፋት ሲል ሳል ተሰማ።

«በሰው ጉዳይ መግባት አልወድም...»

«እንግዲያው አይግቡ፣ ጌታው!» አለ ኦኬዚ።

«ልጄ፣ ምንድነው የምትጫወቺው?»

«የተኩስ ጌም ነው፣ ኢንጂነር። ቅዳሜ የከተማው ማጣሪያ አለ። ሁሉም የራሱን ማሽን ይዞ ነው የሚመጣው። ከመጀመሪያዎቹ አራት አንዷ ከሆንኩ ለፍጻሜው ሌጎስ እሄዳለሁ። ካልሆነ እንግዲህ የከርሞ ሰው ይበለን።»

«ታዲያ አሥራ ስድስት ኮር ምን ይሠራልሻል? ድግስ አለብሽ? ለዚህ ጌም ስድስት ፈጣን ሯጭ ይበቃል፤ አሥሩ ቆሞ ያይሻል። ይቺን የአምናዋን ውሰጂ፣ ፍጥነቷ አልተቆለፈም። በተረፈሽ ጥሩ ስክሪን ግዢ። እኔ አስጋልብልሻለሁ።»

ማስጋለብ በሳቸው ቋንቋ፣ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። በሮጠ ቁጥር ይግላል።

«ሲግልስ?» አለች ካኔንግ።

«የሐርማታን ነፋስ እያለልሽ? ከበረሃ ድረስ በነፃ የሚመጣ ብርድ!»

ያቺኑ ገዝታ ማሽኑ ተገጣጠመ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እኔ፣ ካኔንግና ኢንጂነሩ ኦኬዚ ሱቅ ውስጥ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርበን እንንቀጠቀጣለን። ኢንጂነሩ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ፍጥነቱ አራት ነጥብ ስድስት ጊጋኸርዝ። አራት ነጥብ ስምንት። አምስት! ሙቀቱ ከስድሳ ስምንት ዲግሪ አላለፈም። እሳቸው በደስታ እጃቸውን እፍ እፍ ይላሉ።

«ቅዳሜ ውድድሩ በስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።

«እኩለ ቀን ላይ» አለች።

«ታዲያ እኩለ ቀን ላይ ይሄ ብርድ...»

«አንተ ስክሪንህን ቀይር!» አሉኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት መቶ ሰው። አቧራው እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተከርችሟል። ጨዋታው በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ የካኔንግ ስክሪን ድርግም አለ። ማሽኑ በሙቀት ራሱን አጥፍቷል።

«አሥር ደቂቃ አለሽ» አለ ዳኛው። «ካልተነሳ ውጪ ነሽ።»

እኔ ቀልዴን አዘጋጅቼ ነበር፣ አልዋሽም። ክቡርነታቸው ግን በነጭ ሱሪያቸው መሬት ላይ ተንበረከኩ። የማሽኑን ሳጥን ሲከፍቱት፣ ያ ክፍት መስኮት ያስገባው አቧራ ፋኑ ላይ እንደ በቆሎ ዱቄት ተጋግሯል። በሻርፓቸው ጠረጉት።

«ልጄ፣ ተሳሳትኩ» አሉ። «ብርዱን ለካሁ እንጂ ሰዉን አልለካሁም።»

ይቺን ቃል ከአፋቸው ስሰማ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ቀልዴን ተውኩት።

«ወደ ፋብሪካው ፍጥነት ይመልሱት» አለች ካኔንግ።

ቁጥሩን ሲያወርዱ የገዛ ልጃቸውን ማዕረግ የሚገፍፉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ግን ስሚኝ፣ ምርጫው ልክ ነው። ሳትጋለብም ትበቃሻለች። ጣትሽን እመኚ» አሏት።

አሥሩ ደቂቃ ሊገባደድ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማሽኑ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ኢንጂነር ዳልዮፕ በኮፍያቸው ማሽኑን ሲያራግቡላት ዋሉ። በዚያኛው ጎን በካርቶን ቁራጭ ያራገበ አንድ ሰውም ነበር፤ ስሙን ተዉት፣ ክንዱን እስካሁን ያመዋል። ካኔንግ አራተኛ ወጣች። ሌጎስ!

ሰኞ ጠዋት ሁለት ልጆች ከሷ ሹሩባ ቤት ኦኬዚ ጋ መጡ፣ እኛም የጌም ኮምፒውተር እንፈልጋለን ብለው። ኢንጂነሩ በሩ ላይ የሉም፤ አፍረው ቤታቸው ቀርተዋል። ኦኬዚ ፊቱ በርቶ የባለ አሥራ ስድስት ኮሩን ትልቅ ካርቶን አወረደ። አንዷ ቦርሳዋን ከፈተች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። የያዝኩትን ስክሪን ጣልኩና ከመንገዱ ማዶ ጮህኩ፦ «ቆይ! ቆይ! ኢንጂነሩ ሳያዩት እንዳትከፍሉ!»

«አንተም?» አለኝ ኦኬዚ።

እኔ ኢንጂነሩን ከቤታቸው ልጠራ እየሮጥኩ ነበር።